ከስፌት ክፍሉ የወጣ ቃል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ትልቋ መነጽሯን ለመደችው? ትንሿንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደ ድሮው እንዳትጠራጠሪ፤ ዛሬ ሰባኛ ቀኔ ነው። ሰባ ቀን ሙሉ ጠብታ አልቀመስኩም። እስካሁን ያልነገርኩሽ፣ እንደገና ብወድቅ ሁለተኛ እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነው።

በመጋዝ ማሽኑ ጣቴን የቆረጥኩ ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠጥቼ ነው ማሽኑ ፊት የቆምኩት። ቁስሌን የምታጥበው ነርስ ሦስት ቀን ጠረኔን ችላ ዝም አለችኝና በአራተኛው ቀን በቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ አንድ አድራሻ ጻፈችልኝ። መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ስብሰባ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት፤ ስምህን እንኳ የሚጠይቅህ የለም አለችኝ።

ሁለት ሐሙስ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው እንደምንም ደረጃውን ወጣሁ። ክፍሉ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ነው። የስፌት መኪኖቹ ሽፋን ለብሰው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል፤ ጥጉ ላይ ራስ የሌለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ቆሟል። አብራን የምትሰበሰበው ፀጉር ሠሪ፣ ከእኛ መሃል ጠጥቶ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው እያለች ታስቃለች። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ሲከፍቱም ሲዘጉም አንዲት ሕግ ያስታውሱናል፤ እዚህ የተሰማ ከዚህ አይወጣም። አባታችን ያረፈ ቀን የት እንደነበርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት በዚህች ሕግ ተከልዬ ነው።

ዛሬ ያቺን ሕግ ልጥስ ነው። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሰው መጣ። ሥራው ከከተማ ከተማ ያዞረዋል። የሚያውቀኝ በሌለበት ልናገር ብዬ ነው እዚህ የመጣሁት ብሎ ጀመረ። ቀና ሲል ፊት ለፊቱ እኔን አየኝ። ተነሥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። አይንገዳገድም፣ አይጮህም፣ ስለዚህ ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ጠጪ መሆኑን የሚያውቅ የለም። ብዙ የማይሸተውን መርጦ፣ በውሃ ጠርሙስ ቀድቶ፣ እየጠጣ ነው የሚነዳው። ባለፈው ክረምት ሁለት ልጆቹን ከኋላ አስተኝቶ ሲነዳ፣ ከድልድዩ በፊት ያለው ኩርባ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያነቃው የጠጠሩ ድምፅ ነው። ወርዶ ሲያይ አንዱ የፊት ጎማ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጆቹ አልነቁም። መኪናውን ወደኋላ አውጥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ቤቱ ገባ። ሚስቱም ልጆቹን አቅፋ እያስገባች፣ ቀስ ብለህ ስለነዳህ እግዜር ይስጥልኝ አለችው። ያለቀሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ክንዴን ያዘኝ።

«እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል፤ አይደለም?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ምን ልበለው እታለም? እኔም በሕይወት ያለሁት በዚያው ቃል ነው። ደግሞም ሲሻለው ራሱ ለሚስቱ ይነግራታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቀረ። መምህሩ ሲደውሉለት፣ ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አላቸው። ስልኩን ከዘጉ በኋላ፣ እንዲህ ያሉኝን ሰዎች ግማሾቹን ቀብሬያለሁ አሉን።

ከትናንት ወዲያ ረፋድ ላይ ጣውላ ልገዛ ስወጣ አየሁት። ከመሸጫው ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ዘግቶ ከጠርሙሱ ይጠጣል። ውሃ የሚጠጣ ሰው እንደዚያ ዓይኑን አይጨፍንም። እጄን አነሣሁለት፤ አየኝና ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ትናንት ደግሞ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እሑድ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ለእረፍት ቀድመው በመኪና ወደ እናታችን ይሄዳሉ፣ እኔ ፈቃድ ሲሰጠኝ እከተላለሁ ብለሻል። መንገዱ በድልድዩ በኩል ነው።

እታለም፣ አትላኪያቸው። ወይ አንቺ ራስሽ በአውቶቡስ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ወይ ይቅርባቸው። ለምን አትበይኝ፤ የሰው ስም አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ለእናታችን እንዳትነግሪብኝ ስለምንሽ ስድስት ዓመት ዝም አልሽልኝ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ዝምታሽ ውስጥ ተሸሽጌ ነው ስጠጣ የኖርኩት። እኔ ለማንም እንዲህ ዝም አልልም፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው።

ማንም ቢለማመጥሽ፣ ማንም ቢቆጣሽ፣ የመኪናውን ቁልፍ አትስጪ። የሰውየው ወንበር ግን ከስብሰባችን አሁንም አልተነሣም፤ ይህን የሚነግርልኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ጓደኛዬ ነገ መሥሪያ ቤትሽ መጥቶ ይህን በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። ስታነቢው ቅደጂው። አምላክ ልጆችሽን ከክፉ ይሰውርልሽ፤ አድገው፣ ተድረው፣ የልጅ ልጅ ታቅፈሽ ለማየት ያብቃሽ።

የምትሳሺለት ታናሽ ወንድምሽ

ላሽገው ስል ስልኬ ጠራ። የቤትሽ ቁጥር ነው። አንቺ በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነሽ። አላነሣሁትም።