ሁለተኛ ሚስት ላጨልኝ የሕክምና ወጪ ኮሚቴ

ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፬ ቀን

ለክቡር አቶ ሕዝቅኤል
የፋብሪካችን የሕክምና ወጪ ተመላሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮሚቴው አባላት ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በእኛ ፋብሪካ መታመም ስንት ወረቀት እንደሚጠይቅ ስላየሁ ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ አስናቀ ገድሉ በዘይት መጭመቂያው ክፍል አሥራ አራት ዓመት የሠራሁ መካኒክ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍሁትም ሦስት ጊዜ ለብቻዎ ጽፌ መልስ ስላጣሁ ነው። የፋብሪካችንን ደግነት ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፦ አሠሪያችን ለእያንዳንዱ ሠራተኛና ለትዳር ጓደኛው ማሳከሚያ በየዓመቱ ሠላሳ ሺህ ብር ይመድባል። ብሩ እጃችን አይገባም። መጀመሪያ እንታመማለን፣ ከዚያ ከኪሳችን እንከፍላለን፣ ከዚያ ደረሰኙን በሠላሳ ቀን ውስጥ እናቀርባለን፣ ኮሚቴው ሲያምንበት የከፈልነው ይመለስልናል። ያልተነካው ሰኔ ሠላሳ ቀን ወደ ፋብሪካው ካዝና ይገባል። የእኔ ድርሻ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሰላም ወደ ካዝናው ሲገባ አንድም ቀን የማን ነህ ተብሎ አልተጠየቀም።

ዘንድሮ የባለቤቴ የእናትዓለም ደሞዝ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋረዱ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደብቃኝ ቆይታ የነገረችኝ መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅታት ነው። በጥቅምት የቀኝ ዓይኗ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ካርድ ክፍል ስሟን ሲጠይቋት የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ሚካኤልን ሰጠች። የዘጌ መሪጌታ ልጅ ናት፤ በአባቷ ቤት ሰው ሲታመም የሚጠየቀው ለጸሎት የሚጠራበት ስሙ ስለሆነ፣ በዚያ ፍርሃት ውስጥ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው። ደረሰኙም በዚሁ ስም ተቆረጠ። ጥፋት ከተባለ ጥፋታችን ይህ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የዋላችሁልኝን ውለታ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ደረሰኙን በጊዜው ባቀርብም፣ በኅዳር በጻፋችሁልኝ ደብዳቤ፣ ወለተ ሚካኤል ደሞዝ የምትባል ሴት በማኅደሬ ውስጥ በትዳር ጓደኛነት እንዳልተመዘገበች አስታውቃችሁ፣ በሌላ ቤት የምትኖር ከሆነ አድራሻዋን እንድገልጽ ጠይቃችኋል። በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ ሚስት ስላጫችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሁለቱ ሴቶች አንድ የአባት ስም፣ አንድ ዕድሜና አንድ ስልክ ቁጥር ይዘው ሳለ ማንም የኮሚቴ አባል አለመጠርጠሩ የቅንነታችሁ ምስክር ነው።

፪. ስሙ እንዲስተካከል ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ የአሠሪህን ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ወደ እናንተ ስመለስ መጀመሪያ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አምጣ አላችሁኝ። ሐኪም እንኳ ያላዘዘልኝን የእግር ጉዞ ስላዘዛችሁልኝ ጉልበቴ ጠንክሯል።

፫. ሁለቱንም ስሞች የያዘውን የክርስትና ምስክር ወረቀት ከነማኅተሙ ከደብሩ አምጥቼ ሳቀርብ፣ ሠላሳው ቀን አልፏል ተባልሁ። እውነት ነው፣ አልፏል። አብዛኛው ያለፈው ግን ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም እየተባለ ስብሰባችሁ ሲተላለፍ ነው።

፬. ለዚህኛው ምስጋና የለኝም። ባለፈው ሰኞ፣ የታከመችው ሴት ባለቤቴ አለመሆኗን አምኜ ጥያቄዬን ማንሳቴን የሚገልጽ ቅጽ ሰጣችሁኝ። ከፈረምሁ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ካልፈረምሁ ግን የባዕድ ሰው ሕክምና በፋብሪካው ላይ ለመጫን ሞክሯል ተብዬ በዲሲፕሊን እከሰሳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አልፈርምም።

የግራ ዓይኗ ቀጠሮ ጥር ሃያ ስድስት ነው። የመጀመሪያው ወጪ ካልተመለሰልኝ ለሁለተኛው የምከፍለው የለኝም፤ ይህን በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም። ተናድጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት በአንድ ፊርማ ባዕድ አድርጋት ያለኝ እስከ ዛሬ ማንም አልነበረም። ክሱን አቅርቡ፤ እኔም እሷን ይዤ እቀርባለሁ። ቀኝ ዓይኗ አሁን በደንብ ያያል፤ ስለ እሷ የጻፋችሁትን ፊታችሁ ቆማ ታነብላችኋለች።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ የተሟላ ጉባኤ እየተመኘሁ፣ በአንዲት ሚስቴ የጸናሁ፣ ደረሰኜንም ቅጽዎንም በክብር ያስቀመጥሁ፣

አክባሪዎ
አስናቀ ገድሉ

ግልባጭ፦ በሠራተኞች ምግብ ቤት በር ላይ ለተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ክረምት ታመው በተኙ ጊዜ፣ በጸሎት እንዲያስቡዎ የክርስትና ስምዎን ለባለቤቴ አባት ልከው ነበር። መሪጌታ ያን ስም እስከ ዛሬ በየዕለቱ ይጠሩታል፤ መታወቂያም ማኅተምም አልጠየቁም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ኮሚቴዎ ሌላ ሰው ነው ብሎ ከወንበርዎ እንዳያስነሳዎ።