ከማንያታ በጩኸት የሚመጣው የሚስጥር ቁጥር

ለከተማችን የነጻ ኢንተርኔትና የዲጂታል አገልግሎት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘውም መሣሪያ ጭምር፣ በመልካም ጤና እንድትሰነብቱልኝ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በኬንያ በኩል ያለነው ሞያሌዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን የምንለው ግን በራሳችን ምስክርነት ነው፤ በእርስዎ ሲስተም ከሄድን የለንም።

እታለማሁ እባላለሁ፤ በገበያው ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት አለችኝ። አባቴ ከማዶ መጥቶ እዚህ ሲነግድ ኖረ፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት በዚህኛው ወገን ነው። ቀደም ሲል በስዋሂሊ ያስጻፍኩልዎ ደብዳቤ መልስ ስላላገኘ፣ አሁን በአፍ መፍቻዬ ብጽፍልዎ የሚቀርብኝ ነገር እንደሌለ ተረድቼ ነው በአማርኛ የመጣሁብዎ።

ጉዳዬ አንድ ነው፤ ልጄ ሳሌም። አክስቷ በወሊድ ስትሞት በዓይኗ ካየች ወዲህ ነርስ ከመሆን በቀር ሌላ ሥራ አስባ አታውቅም። እዚሁ ኬንያ፣ መሀል አገር ያለ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር፤ ቦታዋ እንዲጠበቅላት የተጠየቀችው የመታወቂያ ማመልከቻ ቁጥር ብቻ ነበር። ያቺን ቁጥር ለማግኘት ስንባክን ያየነውን የእርስዎን ውለታ በተራ እንዳመሰግን ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ የድሮውን የመታወቂያ መስኮት ስለዘጉልን። በዚያ መስኮት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፣ ይገላመጣል፣ ነገ ተመለስ ይባላል፣ በመጨረሻም መታወቂያውን ይዞ ይሄድ ነበር። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ቀርቶ ሁሉም በኢንተርኔት ሆኗል። ወይዘሪት ጆይስ ዛሬም ከመስኮቱ ኋላ ትቀመጣለች፤ ደግ ልጅ ናት። ወረቀት እንዳትቀበል ስለታዘዘች ግን፣ ሰው በመጣ ቁጥር «ፖሌ ማማ፣ ሲስተሙ ነው» እያለች ታዝንልናለች፤ የሚያዝንልን ሰው በደመወዝ ስለቀጠሩልን ውለታዎ አለብን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያሉ የሚተርቱት ደንበኞቼ ናቸው፤ እኔ አልወጣኝም።

ሁለተኛ፣ ከነቤታችን ውጭ አገር ስላደረሱን። እኔ ቤት ስልክ ሲከፈት የሚይዘው የማዶውን የኢትዮጵያን አንቴና ነው፤ ኬላው እግረኛ እንጂ የአየር ሞገድ አያስቆምም። አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ «እንኳን ወደ ኢትዮጵያ በደህና መጡ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ሳሌም ማመልከቻዋን ልትሞላ ስትል ሲስተምዎ አመልካቿ ከኬንያ ውጭ ናት ብሎ ዘጋባት። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ልጄ ስትሰደድ አላየሁም። ወደ መሀል አገር ሄዳችሁ ሞክሩ ያሉንም አልጠፉም። መንገድ ላይ ያለው ፍተሻ ግን መታወቂያ ይጠይቃል፤ መታወቂያ ሊያወጣ የሚሄድ ሰው መታወቂያ ይዞ መሄድ እንዳለበት እኛ ያልተማርነው አናውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ምሰሶው። የነጻው ኢንተርኔት ምሰሶ ከገበያው መሀል ሲተከል እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከማዶው አንቴና ያላቅቃችኋል ተብለን ነበር፤ እውነት ነው፣ ያላቅቃል። ዳሩ ግን ለመግባት በአጭር መልእክት የሚላክ የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል፤ መልእክቱ የሚደርሰው የኬንያው መስመር ወደሚይዝበት ወደ ማንያታ ሰፈር ሲወጡ ነው፤ ማንያታ ደግሞ ኢንተርኔቱ አይደርስም። ቁጥሩን ይዘው ወደ ገበያው እስኪወርዱ ጊዜው ያልፍበታል። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲሉ ይህችን ላም ማለታቸው እንደነበር አሁን ገባን።

ሰው መላ አያጣምና እኛም መላ መታን። ሲም ካርዱን በቁልፍ ስልክ ከትተን ለኦቦ አሬሮ ሰጠናቸው። ኦቦ አሬሮ ለልጅ ልጃቸው የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ከዳበል መንደር መጥተው፣ ደጃፌ ላይ የሰነበቱ አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ግመል ሲጠሩ የኖሩ በመሆናቸው ድምፃቸው ሩቅ ይሄዳል። እሳቸው ማንያታ ይቆማሉ፣ ወተት ሻጯ ጃለቱ ከመንገዱ አጋማሽ ትቆማለች፣ እኔ ከምግብ ቤቴ ደጃፍ፣ ሳሌም ከምሰሶው ሥር። ቁጥሩ ሲመጣ ኦቦ አሬሮ «ቶርባ! ሰዴት!» ብለው ይለቁታል፤ ጃለቱ «ሳባ! ናኔ! ሃራካ ማማ ሳሌም!» ብላ እያጣደፈችኝ ታሳልፈዋለች፤ እኔም ሰባት፣ ስምንት ብዬ ለልጄ አደርሳለሁ። ከመልእክቱ ግርጌ ይህን ቁጥር ለማንም አሳልፈው አይስጡ የሚል ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። እናከብረዋለን፤ ከማንያታ እስከ ገበያው ላለው ሕዝብ ካልሆነ በቀር ለማንም አንሰጥም።

በዚህ ዘዴ ብዙ ሰው ጉዳዩን ጨርሷል። ሳሌምም ተራዋ ደርሶ ገባች፣ ሁሉን ሞላች፤ ሲስተምዎ ግን ማመልከቻውን ከመቀበሉ በፊት ሌላ የሚስጥር ቁጥር ጠየቃት። ትምህርት ቤቱ ምዝገባ የሚዘጋበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ወደ ጃለቱ አየሁ፤ ጃለቱ ወደ ማንያታ ታያለች። የፍየል ደላሎቹ ሳይቀሩ ድምፅ እንዳያመልጠን ብለው ጭቅጭቃቸውን አቆሙልን። ገበያው እስኪበተን ጠበቅን፤ ከላይ የመጣ ነገር የለም። በኋላ ኦቦ አሬሮ በእግራቸው ወርደው፣ የእሳቸው ጥፋት ይመስል፣ ይቅርታ ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አራተኛ፣ ቅሬታ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ብቻ በመሆኑ፣ ለዚያም የሚስጥር ቁጥር ስለሚያስፈልግ፣ ይህን ደብዳቤ በወረቀት ጽፌ ከምሰሶዎ ላይ እለጥፈዋለሁ። ኦቦ አሬሮን ደግሜ ላስጮህ አልፈለግሁም፤ ደክሟቸዋል።

የሳሌም ቦታ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ፣ ቀኑን ጠብቋል። ጆይስ ምን ታድርግ፣ ታዝዛለች። ሁሉም ደግ ነው፣ ሁሉም አዝኗል፣ ልጄ ግን ቀረች፤ የምቆጣው ሰው አጣሁ። በማን ላይ መጮህ እንዳለብኝ እንኳ ቢነግሩኝ፣ ከሠሩልን ነገር ሁሉ ትልቁ አገልግሎት እሱ ይሆን ነበር።

ምሰሶዎ እንደቆመ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከተቀመጥኩበት ውጭ አገር፣ ማለትም ከገበያው ዳር፣ ለጥ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሲስተሙ በፈቀደ ጊዜ ዜጋዎ፣
እታለማሁ

ከተፈረመ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ሙጫ ሳዘጋጅ ኦቦ አሬሮ ስልኩን ይዘው እየሮጡ መጡ። ያ ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥር ደርሷል። ሳሌም ምግብ ቤቱን እየጠረገች ነበር፤ መጥረጊያዋን አስቀምጣ አነበበችው፣ ማሳሰቢያውንም ጭምር። ታዛዥ ልጅ ናት፤ ለማንም አልሰጠችውም።