ስምንተኛው መስመር

ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ መውጣት ተዪ ብዬሽ እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ አልደግመውም። ልጆቹን ሁሉ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እኛም ደኅና ነን ብዬ በልማድ ጽፌ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። ደኅና አይደለንም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አምና ክሊኒክሽ መጥቼ ያን አሮጌ የዓይን መመርመሪያ ቻርት ስለምንሽ፣ ልጄ ፊደል ትለይበት ብዬሽ ነበር። አንቺም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጋር አንድ ነው፣ ውሰጂው ብለሽ ጠቅልለሽ ሰጠሽኝ። ዋሽቼሻለሁ። የወሰድኩት ለባለቤቴ ነው።

የቀኝ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ግራውም ጉም እየለበሰ ነው። ማንም የማያውቀን ከተማ ድረስ ሄደን ያየነው ሐኪም፣ ነርቩ እየሞተ ስለሆነ መድኃኒት የለውም ብሎናል። ትልልቁን ነገር በግራው ያያል፤ መኪና፣ ግንብ፣ የሰው ቁመት። ደቃቅ ነገር አይለይም። በቀኙ የሚመጣውማ ዝሆንም ቢሆን አያየውም። የወጥ ቤታችንን በር በቀኝ ትከሻው እየመታ ቀለሙን አስለቅቆታል፤ እንግዳ ሲጠይቀን በሩ ጠባብ ነው እንላለን።

ከአምናው የውድድር ፈቃድ የዓይን ፈተና በፊት አንድ ወር ሙሉ ቻርቱን አስጠናሁት። እሱ ጢሙን ይላጫል፤ እኔ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አምስተኛው መስመር፣ ስድስተኛው መስመር እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ስምንተኛው ላይ ሁልጊዜ ይሳሳትና ምላጩን ወርውሮ ይቆጣል። ልጃችን ከሱ ቀድማ ሸመደደችው። ዛሬ ገመድ የምትዘልበት ዘፈኗ ስምንተኛው መስመር ነው፤ ጎረቤቱ ጎበዝ ተማሪ ናት ይላል። ከዚያ አንቺ ዘንድ መጥቶ አንድም ሳይስት ወጣ። ደውለሽ የባልሽ ዓይን የንስር ነው ያልሽኝ ጊዜ ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰው የሚያውቀው በመኪና ውድድር ማንንም ስለማያሳልፍ "ግድግዳው" የሚሉትን ሰው ነው። እኔ ያገባሁት የዳቦ ቤት መኪና ነጂውን ነበር፤ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ካላደረስኩ ብሎ ሰፈሩን የሚያምስ ሰው። የውድድር መኪናዎቻቸው ከውጭ ሲታዩ የማንኛችንም የቤት መኪና ናቸው፤ ውስጣቸው ነው ተገፍፎ ባዶ የቀረው። በር ለበር እየተፋተጉ ይነዳሉ። ያሸነፈውን ደግሞ ሌሎቹ እንዲደርሱበት፣ በሚቀጥለው ውድድር መኪናው ላይ ክብደት ይጭኑበታል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ለአምስተኛው አንድ ውድድር ቀርቶታል፤ እሱም በሚመጣው እሑድ ነው። የሐሙሱን የዓይን ምርመራ ካላለፈ ግን ፈቃዱ አይታደስም፤ አይገባም።

ያለፈውን ወር ግጭት በቴሌቪዥን አይተሽዋል። የልብ ጓደኛው ቀጮ በቀኝ በኩል ገብቶ ሊያልፈው ሲል፣ ባለቤቴ ማንም እንደሌለ ሁሉ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የቀጮ መኪና ሦስት ጊዜ ተገላብጦ ግንቡ ላይ ቆመ። ዳኞቹ ፊልሙን ደጋግመው አይተው፣ በውድድር የሚያጋጥም ነው፣ ጥፋተኛ የለም አሉ። ጋዜጣው ግድግዳው ዛሬም አላሳልፍም አለ ብሎ ጻፈ። የቀጮን ግራ እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ሄድን። ቀጮ የባለቤቴን እጅ ይዞ፣ "እኔ አልተቀየምኩህም። ብታየኝ ኖሮ ቦታ ትሰጠኝ እንደነበር አውቃለሁ" አለው። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። የቀጮ ሚስት ደክሞሻል ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። ሰውዬውን አስጠንቼ ያሳለፍኩት እኔ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እታለሜ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። አሁን ሁልጊዜም እኔ ነኝ፤ የሚያየን ሰው ሻምፒዮኑ ሚስቱን መንዳት ያስተምራል ይላል። በቃ አቁም አልኩት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጥዬህ እሄዳለሁ ብዬ አስፈራራሁት። የውድድሩን ጎዳና በእግሬ አውቀዋለሁ፣ ዓይን አያስፈልገኝም አለኝ። ስለ ቀጮስ ብለው፣ "እሱን አታንሺብኝ፤ ከዚያ መኪና ካወረድሽኝ እኔ ማን ነኝ?" አለ። ከዚያ ለማንም ከአፌ እንዳይወጣ በልጃችን አስማለኝ። ማልኩ። ይኸው በእጄ እጽፍልሻለሁ፤ መሐላው ይያዘኝ አይያዘኝ አላውቅም።

ሐሙስ ግድግዳው ላይ ያለውን ቻርት ካየ ያልፋል። ፊደሉ የተለየ፣ ማንም የማይነካው ሌላ ቻርት መሳቢያሽ ውስጥ እንዳለ ራስሽ ነግረሽኛል። ስቀዪው አልልሽም፤ አትስቀዪው ለማለትም አቅም የለኝም። ካለፈ፣ እሑድ ሃያ ሦስት የሰው ባልና የሰው ልጅ ከጎኑ ይሰለፋል። ከወደቀ፣ ወደ ቤት የምመልሰውን ሰው ምን እንደማደርገው አላውቅም። ሁለቱንም እያሰብኩ ሳልቆርጥ ሐሙስ ደረሰብኝና አንቺ ላይ ጣልኩት። ይቅር በዪኝ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ እሱ ራሱ ነው። ላንቺ የምጽፈውን አሽጌ ስለማላውቅ፣ ዛሬ ባሽገው ይጠረጥራል፤ ክፍቱን እሰጠዋለሁ። ፊደሌን እንዲህ ያደቀቅሁት ወረቀት ለመቆጠብ አይደለም። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ወንበሩ ላይ ሳታስቀምጪው በፊት አንብቢው። እንደ ወትሮው ሰላምታ ልጨምር ማለቱ ስለማይቀር ከታች ቦታ ትቼለታለሁ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ልጆችሽን ያቁምልሽ፤ ሐሙስን ለሁላችንም ያቅልልን።

ያሳደግሻት ታናሽሽ

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ዛሬም እንዳምናው ቶሎ ይልቀቁኝ፤ እሑድ ውድድር አለብኝ። ለቀረው፣ እህትዎ ከላይ ያለችዎትን ሁሉ እኔም ብያለሁ።
አማችዎ