ያለበስንህ አፈር

ሰይዴ፣ አሰላሙ አለይኩም። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ የምለውን ሰላምታ ዛሬ በወረቀት አደረግሁት። እዚያ ስቆም አፌ ይያዛል። ሴቶቹም ከበው አብሽሪ አብሽሪ ሲሉኝ ልነግርህ የመጣሁትን ሳልነግርህ ይዤው እመለሳለሁ። ከተለያየን ሦስተኛው ሮመዳን ሊገባ ነው። ይኸው ቁጭ ብያለሁ፣ ሁሉንም ልንገርህ። ድሮም ሳታቋርጠኝ የምትሰማኝ አንተ ብቻ ነበርክ፣ እያንቀላፋህም ቢሆን።

ቤታችን ደህና ነው። የተሰበረው መስኮት መስታወት ገባለት፣ ግድግዳውም ተቀባ። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናህ የነበረበት ቦታ ግን ባዶውን ነው፣ ማንም እቃ እንዲያስቀምጥበት አልፈቅድም። አሁንም የድሮ ደንበኛ ከገበያ ሲመለስ ሱሪ ይዞ ይመጣና በሩ ላይ ሲደርስ ትዝ ይለዋል። ያቀረቅርና ይሄዳል። ልጃችን ሀያት ከአረብ አገር ተመልሳለች። ወፍራለች፣ በዓይንሽ አትብያት እንዳትለኝ፣ አምሮባታል። መጀመሪያ የገባች ቀን ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፍሪጁ ፊት ሄዳ ቆመች። ከዚያ በጫማዋ ትረግጠው ጀመር። በግድ ይዤ አስቀመጥኳት።

ምን ታድርግ፣ በላከችው ብር የተገዛ ነው። ከደሴ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ሲጎርፍ አንተ በሩን እየከፈትክ እየዘጋህ መብራቱ ውስጥ ሲበራ ስታሳያቸው ነበር። ሳምንት ሳይሞላው መንዘር ጀመረ። እጀታውን ሲነኩት ጣትን ቆንጠጥ ያደርጋል። አንተም ሳቅህን ለቀቅከው፣ እንደ እናትሽ ይቆነጥጣል አልከኝና ስሙን አማቴ አልከው። ተቆጣሁ እንጂ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ሰማያዊውን የፕላስቲክ ጫማህን ፊት ለፊቱ አስቀመጥክ። አማቴን የሚከፍት ጫማ ያድርግ ተባለ። ሰፈራችን ውስጥ ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር፣ ፍሪጁ ፊት አንድ ጥንድ ጫማ የሌለው ቤት አልነበረም። እንግዳ እንኳ ሲመጣ ውሃ ከመቅዳቱ በፊት ጫማውን በእግሩ ይፈልግ ነበር። እኛ መድኃኒቱን አገኘን ብለን ተኛን። አንድ የመብራት ሠራተኛ ጠርተን ይሄ ነገር ለምን ይነዝራል ብለን አልጠየቅንም። ይቆጨኛል ሰይዴ። የሚጠይቅ ጠፍቶ እኮ አይደለም፣ ለምደነው ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ መብራቱ ቀድሞ ጠፋ። ወደ አምባሰል ገጠር፣ ወንድሜ ዘንድ ስንሸሽ ያንን ሰማያዊ ጫማ አድርገህ ነበር የወጣኸው፣ ቆዳው ጫማህ እግርህን ይልጠው ስለነበር። ዳገቱ ላይ እያንጎራጎርክ ስትወጣ ሰው ይሰማናል፣ ዝም በል ብዬ ተቆጣሁህ። ዝም አልክ። ምነው ያን ቀን የኔን አፍ በዘጋልኝ። ከዚያ በኋላ ስታንጎራጉር አልሰማሁህም። ጫማውም እዚያው ገጠር አለቀ፣ አንደኛው ሶሉ ተገንጥሎ ወንድሜ ግቢ ቀረ።

ስንመለስ ቤታችን ተጠርጓል። የስፌት መኪናህ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ድስቴ እንኳ የለም። ፍሪጁን እስከ በሩ ጎትተው ከብዷቸው ነው መሰል ጥለውት ሄደዋል። አንተ አየኸውና አማቴን ማን ይደፍራታል ብለህ ሳቅህ መጣ፣ ከተመለስን ወዲህ የሳቅከው ያኔ ብቻ ነበር። አንዳንዴ ለምን እሱንም አልወሰዱት እላለሁ። መኪናህን ትተው ምነው እሱን በወሰዱ።

መብራት ለወራት አልመጣም። ቤቱን አይጥ ወሮት ስለነበር ፍሪጁን ቁምሳጥን አደረግነው። ዱቄቱን እዚያ፣ ቂጣውን እዚያ። አንተም ነጩን ኮፍያህንና መቁጠሪያ ሙስበሃህን ከላይኛው መደርደሪያ አኖርክ። በባዶ እግራችን እንከፍተዋለን፣ በእርጥብ እጃችን እንከፍተዋለን፣ የሞተ እቃ ነው ምን ያደርገናል። ሶኬቱን ከግድግዳው መንቀል ለማናችንም አልታሰበንም። ከኋላው አይጥ ሽቦውን ስትበላው እንደከረመች ማን አይቶ።

ያን ቀን ከሰዓት ለአስር ሶላት ጓሮ ውዱእ አድርገህ፣ እግርህ እየተንጠባጠበ ኮፍያህን ልታወጣ ገባህ። እኔ ደጅ ምስር እለቅም ነበር። ከታች ሰፈር ጩኸት ተነሳ። ደነገጥኩ፣ ያኔ ጩኸት ሁሉ ሌላ ነገር ነበር የሚመስለን። ቃሉ ሲለይልኝ መብራት መጣ ነው የሚሉት። ሴቱ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። እልልታዬ ከአፌ ሳያልቅ ከውስጥ ጣሳ ሲወድቅ ሰማሁ። ገብቼ ሳይህ እጀታውን እንደያዝክ ደርቀህ ቆመሃል።

ልይዝህ ስሮጥ ከኋላ ቀሚሴን ጎትቶ ያስቀረኝ አያ ሞላ ነው። ጎረቤትህ፣ የልጅነት ጓደኛህ፣ ግሸን ለንግሥ በሄደ ቁጥር የስንቅ ከረጢት የምትሰፋለት አያ ሞላ። መብራት መጣ ብሎ ሊያበስረን በአጥሩ ዘሎ እየመጣ ነበር። እሱ ባይኖር እኔም አብሬህ ነበርኩ። የእንጨቱን ዘነዘና አንስቶ እጅህን ከእጀታው መትቶ አላቀቀልኝ። እዚህ ድረስ የሠራው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ አፈር አምጡ አለ።

አንተም ብትሆን ለእሱ ያንኑ ታደርግ ነበር። በአገራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም፣ ኮረንቲ የያዘውን ሰው አፈር ያለብሱታል፣ አፈሩ ኮረንቲውን ይስብለታል። ጓሮ ጎመኑ ሥር፣ ውዱእ የምታደርግበት ቦታ መሬቱ እርጥብ ነበር። አያ ሞላ በዶማ ይቆፍራል፣ ሰው በቀሚስና በሳፋ ያመላልሳል። እስከ አንገትህ አለበስንህ። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ተዘግቶ ነበር፣ ነርስ ፍለጋ የሮጠው ሰው ይዟት ሲመለስ አንተ ሄደሃል። ሲያጥቡህ መጀመሪያ ያስለቀቁት አፈሩን ነው። በነጋታው ደግሞ ወስደን አፈር አለበስንህ።

ከወራት በኋላ በቅሬያችን ስብሰባ፣ ቀብር የምንረዳዳበት ያው ማኅበራችን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጥታ አስተማረች። መብራት ከተመለሰ ወዲህ ሰው እየተጎዳ ነው አለች። መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ፣ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁት፣ ትንፋሹ ከጠፋ ደረቱን መሀሉ ላይ በሁለት እጅ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ፣ እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ። አፈር እንዳታለብሱ አለች፣ ደረቱ ላይ የሚከመር አፈር ትንፋሽ ይከለክላል፣ መጫን ያለበት ጊዜም በመቆፈር ያልቃል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፣ አያ ሞላ ከወንዶቹ። ቀና ብዬ ሳየው ጋቢውን ሰብስቦ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። በአረፋ እንኳ ቀረ። ወደ ገበያ ሲሄድ በእኛ በር ላለማለፍ ዞሮ በታችኛው መንገድ ነው የሚሄደው። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይቅር፣ አይምጣ አልኩ። ጓሮ የቆፈረውን ጉድጓድም አልደፈንኩትም። ከርሞ ግን ባሰብኝ። አንተን አጣሁ፣ ስላንተ የማወራውንም ሰው አጣሁ። ሰዉ መቃብርህ ላይ አፈሩ ይቅለለው ሲል እንኳ እኔ አሚን ማለት አቅቶኝ ኖርኩ።

አሁን ሀያት የመብራት ሠራተኛ ከደሴ አመጣች። ፍሪጁን ከነስሙ ልጥለው ስል እሱ ሽቦውን ቀየረና ጥፋቱ የፍሪጁ ብቻ አይደለም አለኝ፣ ቤታችን ሲሠራ ጀምሮ የመሬት መስመር የለውም። እርጥብ ቦታ ላይ ረጅም ብረት በጥልቅ ይቀበራል፣ ከሱ ሽቦ ይመጣል፣ ሲፈስ የነበረው ኮረንቲ ሰውን ሳይነካ ወደዚያ ይሄዳል አለ። ሰው ሳይነዝር መሆኑ ነው። እርጥብ ቦታ ሲል የቱ እንደሆነ አወቅኩ። የሚቆፍር ሰው አለ ወይ ሲለኝ አለ አልኩት።

ሻርፔን ጣል አድርጌ አያ ሞላ ቤት ሄድኩ። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። ጓሮ የሚቆፈር አለኝ፣ ዶማህን ይዘህ ና አልኩት። መጣ ሰይዴ። ያቺኑ ጉድጓድ ሲያይ ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለና መቆፈር ጀመረ። ብረቱ ሲገባ፣ ከሰልና ጨው ሲጨመርበት አየና ሠራተኛውን ታዲያ አፈር ይስበዋል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ይስበዋል አለ፣ ግን በሽቦው በኩል፣ ሰው ጋር ከመድረሱ በፊት። ከሰው ላይ ከለቀቀ በኋላ አፈር የሚስበው ምንም የለም።

አያ ሞላ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ወደ ቤት እስኪገባ ጠበቀና ቀና ሳይል፦

«ዘሀራ፣ ደረቱ ከአፈሩ ሥር ከፍ ሲል አይቼው ነበር። እየዳነ መስሎኝ ጨምሩ አልኩ።»

እኔም አይቼው ነበር ሰይዴ። ለማንም አልተናገርኩትም፣ ለሀያትም። አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት።

«እኔም አየሁ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ጉድጓዱን አብረን ደፈንነው፣ እሱ በአካፋው እኔ በእጄ።

ፍሪጁ አሁን አይቆነጥጥም። ሀያት በባዶ እግሯ ትከፍተዋለች፣ እኔ ግን አልችልም። ከገበያ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ጫማ፣ ያንተን ቁጥር፣ ገዝቼ ፊት ለፊቱ አስቀምጫለሁ። እግሬ ውስጡ ይዋኛል፣ እንደዚያው እያደረግኩ እከፍታለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ከዚያ ቦታ አይነሳም። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ፣ ምን እንዳገኘህ፣ ደረት ላይ አፈር እንደማይደረግ ሳልነግረው አይሄድም።

አያ ሞላ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ስላንተ ስናወራ አመሸን። ነገ መቃብርህ ዘንድ አብረን እንመጣለን ብሏል። እዚያ ስንቆም አፌ ቢያዝ እንኳ ዛሬ ብዬዋለሁ፣ ያለበስንህ አፈር ሁለቱም ይቅለልህ ሰይዴ።

ዘሀራህ