ሞላን ይዤ ወደ በየዳ

ጥቅምት 24፣ ደባርቅ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ካልሲው አልደረቀም። ሁለቱንም ጥንድ የአልጋው ራስጌ ላይ ሰቅያለሁ። ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ እኔ ብቻ። ፈረንጅ ጠፍቷል፤ ጊዜው እንደምታውቀው ነው። አስተናጋጇ ምን ይምጣልህ ትላለች። ያለውን እላለሁ። ያለው ሽሮ ነው።

ቦርሳውን እንደገና ፈትቼ አሰርኩ። ይኸው ቦርሳ ኔፓልን፣ ጆርጂያን፣ ፔሩን አይቷል። ደብተሬ፣ አንተም አብረኸው ነበርክ። ፖክሃራ ያደርኩበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ታስታውሳለህ። ገደል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ሰው። ባለቤቱ ኢመት ጎጎ ነው፣ ያንተ አገር ነው፣ ምን ይመስላል አለኝ። አላየሁትም አልኩ። ሳቀብኝ። የመጣሁት ለዚህ ነው። ከሳንቃበር ጊች፣ ከጊች ኢመት ጎጎ፣ ከዚያ ወደ ቤት።

በቅሎ ነጂ አገኘሁ። ሞላ ይባላል። ከኔ ትንሽ ቢያንስ ነው። ጊች ተወልዶ ያደገ፤ መንደሩ ከፓርኩ ሲነሣ እዚህ ሰፈረ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ ዘውዱ፣ ጠብመንጃውን እንደ ጃንጥላ የሚይዝ ሽማግሌ። በቅሎዋ ድንኳንና ቀለብ ትጫን፣ ቦርሳዬን እኔው እሸከማለሁ ስላቸው ተያዩ። ሞላ ስለት ነው ወይ አለኝ። አይደለም። ንስሐ? አይደለም። «ታዲያ ምን ቢበድሉ ነው ጋሼ?»

ገበያው ውስጥ ሞላን የማይሰድበው ሰው የለም። በግ ሻጩ፣ ባለጋሪው፣ ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ። «አንተ ልግመኛ፣ ዛሬስ በቅሎዋን ማን ሊነዳልህ ነው?» ሌላው ይቀበላል፣ «እሷው ትነዳዋለች እንጂ!» እሱም ለእያንዳንዱ እየመለሰ ያልፋል። ለካ መዋደዳቸው ነው።

ጥቅምት 25፣ ሳንቃበር። 12 ሰዓት ከምሽቱ

እግር ደህና። ግራ ጉልበት ያማል። ጭላዳዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ዞር ብለው አያዩህም።

ሞላ ቀኑን ሙሉ ወሬ። አብዛኛው ስለ እናቱ። ወ/ሮ ትርንጎ ይባላሉ። መንደሩ ሲነሣ ደባርቅ አልወርድም ብለው በየዳ ካለችው ልጃቸው፣ ከእህቱ ከብርቄ ዘንድ ሄዱ። የከተማ ውሃ ይሸተኛል አሉት። የሷ ፍየል የማይሸት ይመስል ይላል፣ ይስቃል። የእሱን ልጅ ዘነበችን ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ መምህርት ሆና ዳባት ተመድባለች። አዝመራው ሲገባ ሁለቱም አሮጊቷን ሊጠይቁ ነው።

10 ሰዓት ገደማ ከበየዳ በኩል አይሱዙ መጣ፣ ቆመ። የወረዱት ሰዎች ዘውዱን ወደ ጎን ወሰዱት። ተነጋገሩ። ሞላን አዩት። ከዚያ አንድ በአንድ መጥተው ጨበጡት። ደህና ነህ ወይ ሞላዬ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጅህስ። በእጃቸው እንደያዙት ትንሽ ቆዩ። ማንም አልሰደበውም። መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የሚሆነው ሁሉ አልገባኝም። የካምፑ ዘበኛ ኢመት ጎጎ ጉም ነው፣ በየዳ ይሻልሃል አለኝ። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ወጥ ቤቷ ጊች ውሃ የለም፣ በየዳ ግን ሞልቷል አለች። ዛሬ ጠዋት ዘውዱ ራሱ የጊችን ምንጭ ነግሮኛል። አሁን ስጠይቀው ደርቆ ይሆናል ይላል፣ ዓይኔን አያይም። ካትማንዱም ደርሶብኛል፤ መንገዱ ተዘግቷል ብለው የአጎታቸው ሱቅ ይወስዱሃል። እዚህ ግን ሱቅ የለም። ታዲያ ምን ፈልገው ነው?

ዘውዱ ጋቢውን አውልቆ ለሞላ ሰጠው። ወጥ ቤቷ ሳህኑ ላይ ደጋግማ ጨመረችለት። ሞላ ለበሰ፣ በላ፣ ወሬውን አቆመ።

ነገ ጊች ነኝ። አለቀ።

ጥቅምት 26፣ ሳንቃበር። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ጊች አልሄድም።

ሞላ በቅሎዋን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ ዘውዱ ነገረኝ። ወ/ሮ ትርንጎ አርፈዋል። ተቀብረዋል። ሞላ አልሰማም፤ ወዲያ ማዶ ስልክ አይሠራም፣ ወሬውን ያመጣው አይሱዙው ነው። እዚህ እንዲሰማም አይገባም። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በዘመድ ቤት ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ያደግኩበት ነው። የጠፋኝ እኔ ምን እንደማደርግ ነው።

አይሱዙው ሲመለስ ለምን አይወስዱትም አልኩት። ሰውን ከሥራው አንሥተህ ወደ አገሩ ስትጭነው ያኔውኑ ያውቃል አለኝ። መንገዱን የሚቀይረው እኔ መሆን አለብኝ። «ያለ ምንም ምክንያት መንገድ ቢለውጥ የማይጠረጠረው አንተ ብቻ ነህ። ቱሪስት ነህ።» ሊሰድበኝ ብሎ አልነበረም።

ኢመት ጎጎስ አልኩ። ከአፌ ወጣ። ዘውዱ መሬት መሬት አየ።

ሞላ ሲመለስ ሐሳብ ቀይሬአለሁ፣ በየዳን ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። ለምን? ፎቶ ለማንሣት። የምን ፎቶ? የገብስ አልኩ። ገብስ ደባርቅም አለ እኮ ጋሼ። የበየዳው ይለያል አልኩ። ረጅም ጊዜ አየኝ። እሺ አለና ጭነቱን ማጥበቅ ጀመረ።

ሃምሳ ዓመቴ ነው። የገብስ ፎቶ።

በዚያው ቀን፣ ጨነቅ ካምፕ። 12 ሰዓት

የጊችን መታጠፊያ አለፍነው። ዘውዱ በግራዬ በኩል ተጠግቶ ሄደ፣ የሚጋርደኝ ይመስል። እኔም ወደዚያ አላየሁም።

አሁን የሆነውን ልጻፍ።

እሳት ዳር ሆነን በሶ እንበጠብጣለን። ሞላ እናቴ ሚጥሚጣ ጣል ታደርግበታለች አለ። እኔ፣ ነፍስ ይማር አልኩ።

እንደ ማስነጠስ ነው። የሞተ ሰው ሲነሣ አፍ በራሱ ይላል። ዘውዱ ጣሳውን ጣለ። በሶው እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ ተንጨረጨረ። እኔ የኔን እናት ማለቴ ነው አልኩ፣ እሷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፣ ነፍስ ይማር። እናቴ አዳማ ናት። በደህና አለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስትቆጣኝ ነበር።

ሞላ እሱም ነፍስ ይማር አለ። ለኔ እናት። ከዚያ መቼ ነው ያረፉት ብሎ ጠየቀኝ። ቆይቷል አልኩ። በምን? በ... በብርድ። እግዜር ያጥናዎት አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩ።

አምኖኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። እናቴን ግን ገድያታለሁ። ኔትወርክ ያለበት ስደርስ መጀመሪያ የምደውለው ለሷ ነው።

ጥቅምት 27፣ ከቧሂት ተራራ ማዶ። ከቀኑ 9 ሰዓት

መተላለፊያው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። የጅባራው ተክል ሁሉ ጫፉ ላይ አመዳይ ይዟል። ሞላ ምንም ሳይለኝ ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውልቆ በቅሎዋ ላይ ጫነው። አልተከላከልኩም። ዘውዱ ከኋላ ቀርቷል፣ ሳሉ ብቻ ይሰማል።

ሞላ በቅሎዋን አቆመና አውቄአለሁ አለኝ።

ምኑን አልኩ። አሁንም ልዋሽ ተዘጋጅቻለሁ።

ከሳንቃበር ጀምሮ ያውቃል። የነገረው ሰው የለም። «ማንም አልሰደበኝማ!» አለ። የአይሱዙው ሾፌር ያለ ስድብ ጨብጦት አያውቅም። አያ ዘውዱ በሌላ ቀን ክብሪት አያውሰውም፣ ጋቢ ሰጠው። ወጥ ቤቷ ጨመረችለት። ከቤቴ ሰው ሞቷል አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀም። ያን ሌሊት ዘነበች ትሆን፣ እናቴ ትሆን ሲል አልተኛም። ጠዋት እኔ በየዳ ስል እናቱ መሆናቸውን አወቀ።

«ዳባት ብትለኝ ኖሮ እዚያው እሞት ነበር። እግዜር ይስጥህ።»

አንተ አለኝ። እስከዛሬ እርስዎ ነበርኩ።

ታዲያ ለምን አታለቅስም አልኩት። የት ላልቅስ አለ። ለድንጋይ? የምትነግረኝ ብርቄ ናት። ዘመድ ተሰብስቦ እየጠበቀኝ፣ እኔ መንገድ ላይ ጨርሼው ልድረስ? ደግሞ አያ ዘውዱን አየኸው፣ ሲደብቀኝ ከሳ። ላሳፍረው? እንዳትነግረው።

እሺ አልኩ።

ስለዚህ ዘውዱ ሞቱን ከሞላ ይደብቃል። ሞላ ማወቁን ከዘውዱ ይደብቃል። እኔ ከመካከላቸው ሆኜ ለሁለቱም እዋሻለሁ፣ ሁለቱም ያመሰግኑኛል። ቦርሳውን አውርጃለሁ፣ ትከሻዬ ግን አልቀለለም።

ዘውዱ ደረሰን። የጠረጠረ ይመስልሃል አለኝ በጆሮዬ። ምንም አልኩት።

ጥቅምት 28፣ በየዳ። ምሽት 1 ሰዓት

ገባን። ወደ ብርቄ ቤት አይደለም፤ መንደሩ ዳር ወዳለው የአጎቱ ቤት። ብርቄ የለችም፣ ወፍጮ ሄዳለች ተባለ። ጠላ ቀረበ። ሁሉም ይስቃል፣ ሳቁ በየመሀሉ ይቋረጣል። ሞላ እናቴስ አለ። ደህና ናት፣ ትንሽ ብርድ ነክቷት ተኝታለች፣ ነገ ታያታለህ አሉት። እግዜር ይማራት አለ፣ ጠላውን ጠጣ። ከዚያ እኔን አሳያቸው። ይህ እንግዳ ገብስ ሊያይ የመጣ ነው አላቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዱ ሽማግሌ አዎ፣ የኛ ገብስ ይለያል አሉ። አይስቁም።

ጥቅምት 29፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጎህ ሲቀድ መጡ። ቄሱ ከፊት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ብርቄ ከመካከል። ሞላ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

ያስመስላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲያውም እንዳያሳጣን ፈርቼለት ነበር። ብርቄ አፏን ሳትከፍት ወደቀ። ሦስት ወንዶች ያዙት፣ አልቻሉትም። መንገድ ላይ አንድም ቀን ያልሰማሁት ድምፅ ወጣው። ለካ ሁሉንም ይዞት ነው የመጣው።

ዘውዱ አጠገቤ ቆሞ ያለቅሳል። ደህና አድርገን አደረስነው፣ አይደል አለኝ። አዎ፣ ሞላ ምንም አላወቀም አልኩት። እኔም አለቀስኩ። ሴትዮዋን አላውቃቸውም። ለማን እንዳለቀስኩ እንጃ።

ለቅሶው ላይ ይሄ ማነው ይባባላሉ። ልጃቸውን ያመጣው ነው ይላል ሌላው። ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 30፣ በየዳ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ጠዋት አስቤ ጨርሼ ነበር። ነገ በአይሱዙ እስከ ሳንቃበር፣ ከዚያ ከዘውዱ ጋር ጊች፣ ኢመት ጎጎ። ሰማዩ ጥሩ ነው። ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ከምሳ በኋላ ሞላ ከለቅሶው መካከል ጠራኝ። ፊቱ አብጧል፣ ድምፁ ተዘግቷል። «አንተ ገብስ፣ ና ወዲህ።»

ሰደበኝ። ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቱ ነውር መሰለኝ።

ዘነበች አልሰማችም። አያቷ ናቸው እናት የሆኑላት። ከዘመድ ሰው ቢላክባት ታውቃለች፣ ዘውዱ ቢሄድ ገና በሩ ላይ ያለቅሳል። እኔን አታውቀኝም። አባትሽ ለአዝመራው ትምጣልኝ ብሏል በላት አለኝ። መዋሸት አልችልም፣ አይተኸኛል አልኩት። አይቻለሁ አለ፣ ሊስቅ ሞከረ፣ ሳል ሆነበት። የበቅሎዋን አለንጋ አውጥቶ ሰጠኝ። መያዣው ላይ ቀይ ክር የጠመጠመችበት ዘነበች ናት፤ እሱን ስታይ ታምነኛለች።

ከዚያ እጄን ያዘ። አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ደግ እንዳትሆንባት። ምሳ አትጋብዛት። ቦርሳዋን አትሸከምላት። መኪና ላይ ጥሩውን ወንበር አትልቀቅላት። «ስደባት። ካልሰደብካት መንገድ ላይ ታውቃለች፣ የኔ ልጅ ናት።»

እሺ አልኩ። ሳላስበው። አሁንም ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። የጊችን መታጠፊያ ስሄድ አልፈዋለሁ፣ ስመለስ አልፈዋለሁ። አልቆምም።

ነገ በአይሱዙ ደባርቅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ዳባት። ቦርሳዬን እዚህ ትቼው እሄዳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስድብ እየመረጥኩ ነው። ሰነፍ? መምህርት ናት፣ አያስኬድም። ወፍራም ናት ወይ ብዬ ሞላን የሚጠይቅልኝ ሰው ልኬ ነበር፤ ዘንግ ናት አለ። እናት ለሞተችባት ሰው የመጀመሪያው ቃል። ድምፄን ጮክ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ገና ከበሩ፦ አንቺ ዘንግ፣ ተነሺ፣ አባትሽ ለአዝመራው ነይ ብሎሻል!