ለክቡር ሰር ግዊሊም ፕሮሰር፦ ስለ ሦስቱ የተባረሩ ዘማሪዎቻችን

ለክቡር ሰር ግዊሊም ፕሮሰር፣
የፖንትላስ ቆርቆሮ ፋብሪካ ባለቤት፣ አሁን ደግሞ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእኛ ምርጫ የፓርላማ አባል፤
ለንደን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የለንደን ጭስ ጉሮሮዎን እንዳይጎዳብን ዘወትር እንጸልያለን፤ እኛም የፋብሪካዎን ጭስ እየሳብን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ሃያ ዓመት በጸሎት ቤታችን የኋላ ረድፍ ቆመው በወፍራም ድምፅ ሲዘምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ነገሩ ይገባዎታል ብዬ በድፍረት እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ በቅድሚያ ያዘምሩት የነበሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ኤምሪስ ሆፕኪን ቆርቆሮን ከድስት ክዳን እንደማይለይ እያወቁ፣ አንድ አዝማች ሰምተው፣ «በል ሰኞ ና! ሥራውን ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ» ብለው ቀጠሩት። አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ እውነቱን ለመናገር እስካሁን አልለመደውም። በዚያ ቀጭን ድምፁ ግን ስንት ዋንጫ በላን!

ሁለተኛ፣ ፋብሪካውን ያስረከቧቸው እንግሊዛዊው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ሃርግሬቭ እጅግ ትጉህ ናቸው። ኤምሪስንና ሁለት ጓደኞቹን፣ ማለትም ያሉንን ቀጭን ድምፆች በሙሉ፣ ሥራ አይችሉም ብለው አሰናበቱልን። ቢያማክሩኝ እኔው እመሰክርላቸው ነበር። «እንዴ፣ የመዝሙር ውድድሩስ?» ብላቸው፣ «የምን ውድድር?» አሉኝ። ወይ ጉድ!

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ፣ ጸሐፊዎ «ጉዳዩ በጥሞና እየታየ ነው» ሲሉ ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። ለወረቀቱ ማማር አመሰግናለሁ። ውድድሩ ግን ሦስት ሳምንት ስለቀረው፣ አራተኛውን በጋዜጣ ለማድረግ ተገድጃለሁ። ባለፈው ልምምድ ወፍራም ድምፅ ብቻውን ሲያስገመግም፣ ጸሎት ቤቱን የሚያጸዱት ወይዘሮ ግዌንሊያን በሩን በርግደው፣ «ውይ፣ ማን ሞተብን?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሦስቱን እንዲመልሱልን በትሕትና እለምናለሁ፤ ሌላው ቢቀር የፋብሪካው በር ከፋች ሆነው ይቀጠሩ።

ንግግርዎ ባጠረ ቁጥር ጭብጨባዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ብዛት አንገቴን ደፍቼ የቀረሁት፣
ኤሊስ ማዶክ
የፖንትላስ መዘምራን መሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል መልካም ወሬ ደረሰኝ። በመጪው ምርጫ የሚወዳደሩዎት የማዶው ሸለቆ ባለፋብሪካ ሚስተር ባወን፣ ሦስቱንም ዛሬ ጠዋት አዘምረው ቀጠሯቸው። ለውድድሩ ያውሱናል፤ እኛም የምርጫ ስብሰባቸውን በመዝሙር ልንከፍትላቸው ቃል ገብተናል። መዝሙሩን ያውቁታል፤ ባለፈው ለእርስዎ የዘመርነው ነው። የኋላው ረድፍ ቦታዎ አሁንም ባዶ ነው፤ ከምርጫው በኋላ ጊዜ ስለሚኖርዎት፣ ልምምዳችን ሐሙስ ሐሙስ መሆኑን አይርሱ።