ወደ በሩ የዞረው ጫማዬ

ውድ ሚትሱኤ፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም፤ በሕይወት መኖርሽንም እንኳ አላውቅም። እኔ ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል፣ መንፈሴም ደክሟል። ግን ይህን ሳልነግርሽ መሞት አልፈልግም።

እዚህ አገሬ፣ ቤንዲጎ ከተማ፣ በጡረተኛ ወታደሮች ክበብ፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፊልም ያሳዩናል። የዚህ ሳምንቱ በጥቁርና ነጭ የተሠራ የድሮ የጃፓን ፊልም ነበር። አጠገቤ ሜርቭ ተቀምጧል፤ ያ የጦር ሰፈር ጓደኛዬ። ከዚያው ከጃፓን ያገባት ፉሚኮም አብራው አለች። ፊልሙ ላይ እንግዳው ሻይ ሲጠጣ የቤቱ እመቤት ተንበርክካ ደጃፍ ላይ ያወለቀውን ጫማ ወደ በሩ አዞረችው።

"ይኸው አባረረችው!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ኧረ ማን አባረረው?" አለች ፉሚኮ። "ሲወጣ እንዳይቸገር ነው እንጂ! ለክብሩ ነው። እናቴ ለሜርቭ እንኳ ታዞርለት ነበር።"

"'እንኳ' ምን ማለት ነው?" አለ ሜርቭ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሚትሱኤ፣ ያን እሑድ ቤታችሁ የመጣሁት እንድታገቢኝ ልጠይቅሽ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን በሰፈርንበት ስድስት ዓመት አዛዦቻችን "ከአገሬው ሰው ጋር እንዳትቀራረቡ" ሲሉን ኖረው፣ ጋብቻ የፈቀዱት ገና በዚያ ሰሞን ነው። የፈቃዱ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አንቺ ትሠሪበት ከነበረው ከጦር ሰፈሩ ልብስ ማጠቢያ ሌላ የትም ተገናኝተን አናውቅም፤ ቤታችሁ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። እናትሽ የቀቀሉትን ስኳር ድንች እየላጥሽ ሰጠሽኝ። እንዴት ልጀምር እያልኩ ቀና ስል፣ ደጃፍ ላይ ያወለቅኩት ቦት ጫማዬ ወደ መንገዱ ዞሯል። ሳልጠይቅሽ መልስ የሰጠሽኝ መሰለኝ።

"ሥራ አለብኝ" ብዬ ተነሣሁ።

"አሁን መጥተህ? ሌስ፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

ለይሉኝታ የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቃል ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? ኩራቴ አፌን ያዘው። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመሽ ጎንበስ ብለሽ ትሸኚኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ወደ አገሬ መርከብ ተሳፈርኩ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈሽልኝ ነበር። ሁለቱንም ሳልከፍት መለስኳቸው።

ይህን የምልከው በዚያው በድሮ አድራሻሽ ነው። ሳይከፈት ከተመለሰልኝ፣ የእጄን አገኘሁ።

ጫማውን አጥልቆ የሄደው
ሌስ